ፕላዝማ፦ የማይጠብቀው አስተማሪ

የፕላዝማን ጉዳይ ዛሬ ሰፋ አድርጌ መጻፍ የፈለኩት አሁን በየቦታው ስማርት ቦርድ፣ ታብሌት፣ ኮዲንግ፣ ኤአይ እየተባለ ወደ ክፍል ሊገባ የተሰለፈው ነገር ብዙ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ደሞ ይሄን ነገር ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምንሞክረው አድርጎ ነው የሚያወራው። አይደለም እኮ! ከሀያ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶቿን በሳተላይት አገናኝታ፣ ፕላዝማ የምንላቸውን ትልልቅ ስክሪኖች አስገብታ፣ ጎንደር ያለውም ጅማ ያለውም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያይ አድርጋለች። እኔ በዛ ስክሪን ከተማሩት ልጆች አንዱ ነኝ፣ በኋላም ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ እዛው ስክሪን ጎን ቆሜያለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ያየሁትንና ስለ ፕሮግራሙ የማውቀውን አንድ ላይ አድርጌ ልንገራችሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እጀምራለሁ።

1986 ዓ.ም. ላይ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ፈቀደና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሁን አለ። ሁለተኛ፣ ት/ቤት በሰፊው መከፈት ጀመረ። ከዛ በኋላ ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ ብቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ነው ያደገው። ት/ቤት በድንጋይም በጭቃም ይሠራል፣ ወላጅም አዋጥቶ ቆርቆሮውን ይጨምራል፣ አስተማሪ ግን እንደዛ አይገኝም። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ዲግሪ ያስፈልጋል ይባል ነበር፣ ክፍል ውስጥ ይገባ የነበረው ግን ብዙው ዲፕሎማ ያለው ነበር። ከከተማ ራቅ ባሉ ወረዳዎች ደሞ ባዮሎጂ የተማረው ሰው ፊዚክስ እንዲይዝ ይደረግ ነበር፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው የለም። አዲስ አበባ ያለ ልጅና ገጠር ያለ ልጅ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ፣ የሚያስተምራቸው ሰው ግን በጣም የተራራቀ ነው። ይሄ እውነተኛ ችግር ነበር፣ ፕላዝማን የሚወቅስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሄን ማመን አለበት ብዬ ነው የማስበው።

መፍትሄ ተብሎ የመጣው ስኩልኔት የሚባለው ፕሮጀክት ነው። ወ/ሮ ገነት ዘውዴ የትምህርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ 1997 ዓ.ም. ላይ የሳተላይት ትምህርቱ በስፋት ተጀመረ። በዛው ሰሞን የወረዳ ጽ/ቤቶችን በቪዲዮ ስብሰባ የሚያገናኘው ወረዳኔትም እየተዘረጋ ነበር፣ ሁለቱ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሲቪክስ የመሳሰሉት ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀረጹ፣ አቅራቢዎቹም ከዛው ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው የትምህርት መገናኛ ዘዴዎች ተቋም ደሞ በወጣለት ፕሮግራም መሠረት በሳተላይት ይለቀዋል። ት/ቤቱ ዲሽ ተክሎ ይቀበላል፣ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል። ለአስተማሪው ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ መምሪያ አለ። ሀሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ በጣም ያምራል። ጎበዝ አስተማሪ አገሪቱን ሙሉ ማዳረስ ካልተቻለ የጎበዝ አስተማሪን ትምህርት ማዳረስ ይቻላል ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እዛ ነው። አንድ ፔሬድ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዛ ውስጥ ወደ 30 የሚሆነውን ፕላዝማው ይወስዳል፣ ለአስተማሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለመግቢያ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለማጠቃለያ ይተዋል። ግን መጀመሪያ ላይ ያለው ጥቂት ደቂቃ በተግባር ምንድነው? ያለፈው ክፍለ ጊዜ አስተማሪ እየወጣ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ሰው እየተፈለገ ነው፣ ስክሪን በየክፍሉ ባልደረሰበት ት/ቤት ደሞ ልጆቹ ስክሪን ወዳለበት ክፍል ወንበር ለመያዝ እየተሯሯጡ ነው። ሳተላይቱ ይሄን ሁሉ አያውቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ይጀምራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ገብተን ስንቀመጥ አቅራቢዋ የዕለቱን ዓላማዎች ጨርሳ ወደ ምሳሌ አልፋ ነው የምናገኛት።

ከሁሉም የከፋው ሒሳብ ነበር። ሒሳብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ችግሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዛ ላይ ነው። አቅራቢው አንድ የኳድራቲክ ኢኩዌሽን ይጽፋል፣ ፋክተር ያደርገዋል፣ ከዛ ተራው የእናንተ ነው ይልና አንድ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል፣ ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ግማሹ ልጅ ጥያቄውን ወደ ደብተሩ እየገለበጠ እያለ ሰዓቱ ያልቃል። ከዛ መልሱ ይመጣል። መልሱን እየገለበጠ እያለ ደሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ፔሬዱ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ያለው ግማሽ ጥያቄና የሌላ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። ሒሳብ ደሞ እንደምታውቁት አንዱ ደረጃ ካመለጠህ ቀጥሎ ያለው ትርጉም የለውም፣ ታሪክ ወይም ሲቪክስ ቢሆን አንድ አንቀጽ አምልጦህም የሚቀጥለውን ትሰማለህ። እዚህ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ የማይነስ ምልክቱ ለምን ወደ ፕላስ እንደተቀየረ ያልገባው ልጅ እስከ ፔሬዱ መጨረሻ ድረስ የሚያየው ነገር ምስል ብቻ ነው። እጁን አውጥቶ ማንን ይጠይቃል? ስክሪኑን? አስተማሪው ጎኑ ቆሟል፣ ግን አስተማሪው ቢያስረዳው የሚቀጥለው ደረጃ ለስልሳና ሰባውም ልጅ ያመልጣል። ስለዚህ አስተማሪው ዝም ይላል፣ ልጁም እጁን ማውጣት ይተዋል። ይሄ ከወር ወር ሲደጋገም ልጁ የሚማረው ነገር አለመጠየቅን ነው፣ እኔን እስካሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቋንቋው ሌላ ሸክም ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሳይንስ የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ቃላቱ ሁሉ ይገለበጡበታል፣ ይሄ ፕላዝማ ቢኖርም ባይኖርም ያለ ነገር ነው። ነገር ግን በፊት አስተማሪው ሰው ስለሆነ ልጆቹ ፊት ላይ ያየውን ግራ መጋባት አይቶ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ ዞር ይልና አስረድቶ ይመለሳል። ሁላችንም እንደዛ ነው የተማርነው፣ እውነቱን እንነጋገር። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎች እንግሊዝኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ ግን ፈጣን ነው፣ ድምፀታቸውም ለኛ ጆሮ አዲስ ነው፣ ወደ ኋላ መለስ ብሎ በሌላ አባባል መንገር ደሞ የለም። እንግሊዝኛው ቀድሞ የገባቸው፣ ቤታቸው ዲሽ ያለ ወይም የግል ት/ቤት ቆይተው የመጡ ልጆች ይከታተሉ ነበር፣ አንዳንዶቹ እንደውም እንግሊዝኛቸው በፕላዝማ እንደተሻሻለ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ እኩል ለማድረግ የመጣው ነገር ከፊት የነበረውን ልጅ የበለጠ ወደፊት ገፋው፣ ከኋላ የነበረው ደሞ የበለጠ ወደ ኋላ ቀረ። ቴክኖሎጂውን ያመጡት ሰዎች ይሄን አስበው እንዳላደረጉት አምናለሁ፣ ግን ክፍል ውስጥ የሆነው ይሄ ነው።

አስተማሪዎቹስ? በኋላ እኔም አስተማሪ ሆኜ ስገባ ነው የዛን ዘመን አስተማሪዎች ዝምታ የገባኝ። አስበው እስኪ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምረህ፣ ትምህርቱን ወደህ፣ ቾክ ይዘህ ትገባለህ፣ ከዛ ዋናው አስተማሪ ግድግዳው ላይ ያለው ነው ትባላለህ። ያንተ ሥራ ማስተዋወቅና ማጠቃለል ነው። ትምህርቱን ማፍጠን አትችል፣ ማዘግየት አትችል፣ ያንተ ተማሪዎች ገና ያለፈው ምዕራፍ ስላልገባቸው እሱን ልድገምላቸው ማለት አትችል፣ ምክንያቱም አንተ ስትደግም ሳተላይቱ አልፎህ ይሄዳል። በጊዜው የተሠሩ ጥናቶችም በአብዛኛው የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ አስተማሪዎች የሙያቸው ክብር እንደተነካ፣ ተመልካች እንደሆኑ ይሰማቸው ነበር። አንዳንዱ ስክሪኑን ከፍቶ ይወጣ ነበር። እኔ የተማርኩበት ት/ቤት ውስጥ እንደዛ የሚያደርጉ ነበሩ፣ ያኔ ልጅ ሆነን ሰነፍ ናቸው እንል ነበር፣ አሁን ግን ሌላ ነገር ነው የማየው። ሰው የሚወስነው ነገር ከእጁ ሲወሰድ ሀላፊነቱም አብሮ ይሄዳል። ተማሪው ሲወድቅ ማን ነው ተጠያቂው? አስተማሪው ያስተማረው ፕላዝማው ነው ይላል፣ ፕላዝማውን የሚለቀው ክፍል ደሞ በፕሮግራሙ መሠረት ለቅቄያለሁ ይላል። በመሀል ልጁ አለ።

ግን ፕላዝማ ምንም አልጠቀመም የሚል ሰው ካለ አልስማማም፣ ይሄን በጣም ማስረገጥ እፈልጋለሁ። እኔ ኬሚስትሪ የወደድኩት በፕላዝማ ነው። የተማርኩበት ት/ቤት ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረው፣ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ነበር የሚቀመጥበት። ታይትሬሽን የሚባለውን ነገር፣ ማለት አሲድ ላይ ቤዝ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መጠኑን መለካትን፣ መጽሐፉ ላይ አንብበን ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ቤዙ ብዩሬት ከሚባለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ አሲዱ ሲወርድ፣ መጀመሪያ ሮዝ ቀለሙ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ፣ ከዛ በአንዲት ጠብታ ሙሉው ፈሳሽ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ሲቀር አየን። ክፍሉ ጸጥ ነው ያለው። ሮዙን ቀለም የሚያመጣውን ፌኖልፍታሊን የሚለውን ቃል ከዛ ቀን በኋላ ማንም አልረሳውም። ባዮሎጂ ላይም እንደዛ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ነክተን ለማናውቅ ልጆች ሴል ሲከፈል ማየት ትልቅ ነገር ነው። ፊዚክስ ላይ ሞገድና ፕሮጀክታይል ሞሽን በአኒሜሽን ሲታይ ቾክና ሰሌዳ ሊያሳየው የማይችለውን ነው የሚያሳየው። ደካማ ዝግጅት የነበራቸው አስተማሪዎችም ከስክሪኑ ይማሩ ነበር፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ እንደውም የፕሮግራሙ ጥሩ ጎን ተብሎ መጻፍ ያለበት ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ዓይናችንን ከፍቷል። የጎዳን መቆም አለመቻሉ ነው።

መብራት ነገር አለ ደሞ። መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ይሄዳል፣ ሲመለስ ትምህርቱ አብሮ አይመለስም። መብራት ባልደረሰባቸው ቦታዎች ጀነሬተር ተሰጥቶ ነበር፣ ጀነሬተር ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ነዳጅ ደሞ በጀት ይፈልጋል፣ የት/ቤት የሥራ ማስኬጃ በጀት ምን ያህል እንደሆነ ርዕሰ መምህር የሆነ ሰው ያውቀዋል። ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ይቆራረጣል። ሪሲቨሩ ሲበላሽ የሚጠግነው ቴክኒሻን ከዞን ወይም ከክልል ነው የሚጠበቀው፣ እሱ እስኪመጣ ስክሪኑ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ይቆያል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አስተማሪው ከዋና አስተማሪነት ወርዶ ስለነበር ስክሪኑ በጠፋበት ቀን የሚያስተምረውን አዘጋጅቶ አይመጣም ነበር፣ ፕሮግራሙ እንዲያዘጋጅ አያበረታታውማ። ስለዚህ አንድ ፊውዝ ሲቃጠል የሚባክነው የመላው ክፍል ፔሬድ ነበር።

የመጽሐፍ ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም፣ ለኔ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። የተቀረጸ ትምህርት ከአንድ መጽሐፍ ጋር የተጋባ ነው፣ የምዕራፉ ቅደም ተከተል፣ ምሳሌው፣ የገጽ ቁጥሩ ሳይቀር። የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ ሲመጣ፣ 2002 ዓ.ም. የታተመባቸው እነዛ ባለ ቀለም መጻሕፍት ወደ ት/ቤት ገቡ። መጽሐፍ መለወጥ በራሱ ጥሩ ነው፣ ግን መጽሐፉ በተለወጠ ቁጥር ቪዲዮውም እንደገና መቀረጽ አለበት ማለት ነው፣ ያውም አገር ውስጥ ያልተሠራ ቪዲዮ። ሀርድዌሩን የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው የስክሪኑን ዋጋ ነው። ስክሪን አንዴ ይገዛል፣ ይዘቱ ግን ካሪኩለም በተለወጠ ቁጥር የሚከፈልበት ነገር ነው። ይሄ ከመጀመሪያው ካልታሰበበት ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጁ እጁ ላይ ያለው መጽሐፍና ስክሪኑ ላይ ያለው ትምህርት ይለያያል፣ ከዛ አስተማሪው ስክሪኑን ባይከፍት ማን ይፈርድበታል?

በዚህ ሁሉ መሀል ግን ዝም ብለው ያልተቀመጡ አስተማሪዎች ነበሩ፣ ለኔ የጉዳዩ ትልቁ ትምህርት ያለው እነሱ ጋ ነው። አንድ አብሬው የሠራሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ በዕድሜም በልምድም ይበልጠን ነበር። ጋሼ ፕላዝማው ከመጀመሩ በፊት ባለችው ጥቂት ደቂቃ ዓላማውን አያነብም፣ በዛ ቀን ትምህርት ውስጥ የሚመጡትን ከባድ ቃላት ብቻ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፍና ጎናቸው አማርኛውን ያስቀምጣል። ቪዲዮው ሲሄድ ልጆቹ ቃሉ ሲመጣ ሰሌዳውን አየት አድርገው ይመለሳሉ። አንዳንዴ ደሞ አቅራቢዋ ረጅም ንግግር ስትጀምር ድምፁን ይዘጋውና ምስሉን እያሳየ ራሱ ያስረዳል። አንዴ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ይሄን ሲያይ ለምን ድምፁን ዘጋህ ብሎት ነበር። ጋሼም ልጆቹን ጠይቃቸው አለው፣ በቃ። ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ሦስት ልጅ አስነስቶ ጠየቀ፣ ልጆቹም መለሱ፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቁጭ አለ። መመሪያው ላይ እንደዛ አድርግ የሚል የለም። ጋሼ ያደረገው ነገር ቢኖር ትምህርቱን ከሳተላይቱ መልሶ መቀበል ነው፣ ምስሉን እንደ መሣሪያ ይዞ አስተማሪነቱን ግን ለማንም አልሰጠም።

አሁን ደሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ፕላዝማ በብዙ ቦታ እየደከመ ሄዶ ስክሪኖቹ አቧራ ሲለብሱ፣ እነዛው ትምህርቶች ዩቲዩብ ላይ ወጡ። በፍላሽም በሜሞሪ ካርድም ከሰው ሰው መተላለፍ ጀመሩ። አቅራቢዎቹ እነዛው ናቸው፣ ፍጥነቱም ያው ነው፣ አኒሜሽኑም ያው ነው። ግን ተማሪው በስልኩ ሲያየው ማቆም ይችላል! የማይነሱ ምልክት ለምን እንደተቀየረ ካልገባው ሃያ ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ያያል፣ ካልገባው ለጓደኛው ያሳያል። ለማትሪክ ሲዘጋጁ በዚህ የተጠቀሙ ልጆች አውቃለሁ፣ ክፍል ውስጥ ሲጠሉት የነበረውን ነገር ቤታቸው ሆነው ወደዱት። ስለዚህ አንዱ ያው ቪዲዮ በአንድ በኩል ልጅን ዝም አሰኝቷል፣ በሌላ በኩል ልጅን አስተምሯል። የተለወጠው ማቆሚያው በማን እጅ እንደሆነ ብቻ ነው። ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ሊገባ ነው ሲባል ከዋጋውም ከብራንዱም በፊት እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው።

ይሄን ሀሳብ የሚያጠናክር ሌላ ነገር እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። 2012 እ.ኤ.አ. ላይ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የሚለው ድርጅት ወንጪ አካባቢና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ፊደል አይተው ለማያውቁ ትንንሽ ልጆች ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት ከነሶላር ቻርጀሩ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልነበራቸውም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ ከነካርቶኑ የተሰጣቸውን ዕቃ ራሳቸው ከፍተው፣ ማብሪያውን አግኝተው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀምረው ነበር፣ በአምስት ወር ደሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ከዚህ ተነስቶ አስተማሪ አያስፈልግም ማለት ትልቅ ስህተት ነው፣ ማብሪያ ማግኘትና አንብቦ መረዳት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እኔ የምወስደው ግን አንድ ነገር ነው፦ ልጅ ዕቃው በእጁ ሲሆን፣ ሲፈልግ ሲነካ ሲፈልግ ሲያቆም፣ ይጠይቃል ይሞክራል። ፕላዝማ ፊት ያለው የኛ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም ዝም ያለው።

ከዛ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልለፈው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤት ሲዘጋ እንደገና ወደ ቴሌቪዥን፣ ወደ ሬዲዮና ወደ ቴሌግራም ነው የሮጥነው፣ ያኔም የደረሰው ቴሌቪዥንና ዳታ ላለው ልጅ ነው። ከዛ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መጣ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፣ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች 1,161 ነበሩ። ይሄን ውጤት ፕላዝማ ላይ መለጠፍ አልችልም፣ አልፈልግምም፣ መጽሐፉም አስተማሪውም ደሞዙም ጦርነቱም ኮሮናውም አለበት። ግን ይሄን ያህል ልጅ ሲወድቅ መሪዎች ፈጣን መፍትሄ መፈለጋቸው አይቀርም፣ ፈጣን መፍትሄ ሲፈለግ ደሞ ቶሎ የሚገዛው ዕቃ ነው። 2016 ዓ.ም. ላይ ፈተናው በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀመረ፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በኦንላይን ኮዲንግ የሚያስተምረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ተጀመረ። ሁለቱም ጥሩ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። ኮደርሱ ላይ እኔን ደስ ያለኝ ልጁ በራሱ ፍጥነት መሄድ መቻሉ ነው። ያስጨነቀኝ ደሞ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ላለበት ት/ቤት ማን ከጎኑ ቁጭ ብሎ ያስጀምረዋል የሚለው ነው። አይሲቲ በመጽሐፍ ብቻ የሚማሩ፣ ማውስን በሥዕል የሚያውቁ ልጆች አሁንም አሉ፣ አስተምሬያቸዋለሁ።

ስለዚህ ወረዳ ላይ ወይም ት/ቤት ውስጥ የምትወስኑ ሰዎች ካላችሁ፣ ወይም ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ ለተማራችሁበት ት/ቤት ዕቃ ልትልኩ እያዋጣችሁ ያላችሁ፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ሄዳችሁ አንድ ሙሉ ፔሬድ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እዩ። አስተማሪው መቼ ነው የሚያቆመው፣ መቼ ነው ወደ ልጆቹ ቋንቋ የሚዞረው፣ ማን ነው የሚጠይቀው፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ሰሌዳው የማይበቃው። ዕቃው መግባት ያለበት ሰሌዳው ያልበቃበት ቦታ ላይ ነው። ከዛ አስተማሪዎቹን ራሳቸውን ጠይቁ፣ አሠልጥኑ፣ ያውም አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስቦ ፓወርፖይንት በማሳየት ሳይሆን ዕቃውን ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ወስደው እንዲለማመዱበት በመስጠት። ዕቃ እንዳይጠፋ ተብሎ ስቶር ውስጥ ተቆልፎ የሚከርም ላፕቶፕ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ። የንብረት ክፍሉን ሰው አልወቅስም፣ ቢጠፋ ከደሞዙ ነው የሚቆረጠው፣ መስተካከል ያለበት አሠራሩ ነው። የጥገና ብርም ከዕቃው ጋር አብሮ ይታሰብ። ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ይዘቱ ዕቃው ውስጥ ተጭኖ ይሂድ። በልጆቹ ቋንቋ የተሠራ ማብራሪያ ይኑረው፣ ይሄን ደሞ መሥራት የሚችሉ ጎበዝ አስተማሪዎች ዛሬ በየቴሌግራሙ በነፃ እየሠሩት ነው፣ ፈልጓቸው፣ ክፈሏቸው።

እኔ አሁን የማስተምርበት ት/ቤት አንድ ፕሮጀክተር አለን፣ ለሁሉም ክፍል። ታይትሬሽን ሳስተምር ያንኑ የድሮ የፕላዝማ ቪዲዮ ነው የማሳየው፣ በፍላሽ። መጀመሪያ የመድኃኒት መርፌን በመጠቀም በኮምጣጤና በቀይ ጎመን ውሃ ራሳቸው ይሞክሩታል፣ ቀይ ጎመን ከሌለ በአበባ ውሃ፣ የቀለሙን መለወጥ በዓይናቸው ያያሉ። ከዛ ቪዲዮውን እከፍታለሁ፣ ሮዟ ቀለም ብልጭ ብላ ስትጠፋ አቆመዋለሁና ለምን ጠፋች እላቸዋለሁ። መልሱ እስኪመጣ ቪዲዮው አይሄድም። አንዳንዴ ክርክሩ ይረዝምና ፔሬዱ ያልቃል፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ቀን እናየዋለን። ባለፈው ሰሞን አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ብዙ የማትናገር ልጅ፣ ቲቸር እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው አለችኝ፣ መለስኩት፣ ጠብታዋ ስትወርድ አቁሙልኝ አለችና ወጥታ ስክሪኑ ላይ በጣቷ እያሳየች አሲዱ ገና አላለቀም ብላ ለክፍሉ አስረዳች።